ካውያ የተመሰጠች ዕለት

ካውያ የላውንደሪ ቤቱን ባለቤት አፍቅራ፣ ፊታቸውን ስታይ ተዘረረች ብሎ ያላወራ የሰፈር ሰው የለም። ባሏ እንኳ ሰሞኑን በጎን እያያት ነው እራቱን የሚበላው። ነጭ ውሸት ነው። የሰውየውን ፊት ያየ ይደነግጥ ይሆናል እንጂ በፍቅር አይወድቅም።

ካውያ ያሏት ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ስለኖረች ነው። የምትተኩስበት ክፍል ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱም ነጭ ልብስ አቧራ እንዳይነካው ተብሎ በሚስማር ተመትቷል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ እሷ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

"ጋሼ፣ ኧረ መስኮቱን ያስከፍቱልን፤ ልንሞት ነው!"

"እናየዋለን" ይሏታል ባለቤቱ። አይተውት አያውቁም።

ጋሼ ደግሞ ንግግር ነፍሳቸው ነው። አንድ ቀን ሠራተኛውን በሙሉ እዚያችው ክፍል አጉረው፣ በሩን ዘግተው፣ ስለ ታታሪነት ጀመሩ። ገና "ሥራ ማለት..." እንዳሉ ካውያ እንደ እርጥብ አንሶላ እጥፍጥፍ ብላ ወደቀች።

"ውሃ አምጡ! ራሷን ሳተች!" ብላ ጮኸች ልብስ አጣፊዋ።

"አትንኳት!" አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። "ምን ራሷን ትስታለች! ተመስጣ ነው። ቃል ልብ ሲነካ እንዲህ ያደርጋል።"

ለካስ ድሃ መንገድ ላይ ሲወድቅ ራሱን ሳተ፣ አለቃው ፊት ሲወድቅ ተመሰጠ ነው የሚባለው!

ከዚያ ወዲያ ካውያ በክብር ከፊት ትቀመጥ ጀመር፤ ከሁሉም ሙቀት በሚብስበት፣ ከተመታው መስኮት ሥር። ንግግሩም ረዘመ። ሌላውም ሠራተኛ ነገሩ ገባው። አጣፊዋ ንጹሕ ፎጣ የተከመረበትን እየመረጠች ትመሰጣለች። ሹፌሩማ ንግግሩ ሳይጀመር ተመስጦ ያንኮራፋል።

"እድሜ ላንቺ እቴ፣ መላውን አሳየሽን" አለቻት አጣፊዋ።

"ሂጂ ወዲያ! እኔ አየር አጥሮኝ ነው!"

"ታዲያ ለሳቸው ንገሪያቸዋ! እኛን ምን ታደርጊናለሽ?"

በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሼ ራሳቸው መንገዱን ከፈቱላት። "ልጄ፣ እስቲ ተነሺና ያን ዕለት የተሰማሽን መስክሪ" አሏት።

ካውያ ላቧን በክንዷ ጠርጋ ተነሣች። "ጋሼ፣ ንግግርዎ ሳያምር አይቀርም። መጨረሻውን ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። መስኮቱን ቢያስከፍቱልኝ ቆሜ እሰማዎት ነበር።"

ሹፌሩ ማንኮራፋቱን አቆመ። ጋሼም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው መስኮቱን አዩት።