ደረቴን ነፍቼ ራሴን ስሰድብ

ራሱን ለመስደብ ተራ የሚሻማ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ። ጋምቤላ ከተማ መምህር ነኝ። ግምገማ በመጣ ቁጥር «ግለ ሂስ ማን ይጀምር?» ሲባል እጄ ከሁሉ ቀድሞ ይወጣል። «የዝግጁነት ክፍተት አለብኝ፤ ተነሳሽነቴ የወረደ ነው፤ ለተማሪዎቼ አርአያ አልሆንኩም» እላለሁ ቀጥ ብዬ ቆሜ። ራሱን በደንብ የረገጠ ሰው ለሌላው መርገጫ አያስተርፍም፤ ብልጠቴ ይቺው ነበረች። ሰብሳቢው «ጥልቀት ያለው ግለ ሂስ!» ሲለኝ እንደተሸለመ ሰው ደረቴን ነፍቼ እቀመጣለሁ። ቂል!

ከጎኔ የሚቀመጠው የስፖርት መምህር፣ የአኙዋክ ተወላጅ፣ ተራው ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ ይላል። «የኔ ድክመት አንድ ነው። ሙቀት ሲበዛ ባሮ ሄጄ እዋኛለሁ፤ ከዚያ አረፍዳለሁ። አስተካክላለሁ።» ቤቱ ይስቃል፤ እሱም አብሮ ስቆ ይቀመጣል። እኔ ግን እንቀው ነበር።

ጉዱ ግምገማው አዳራሽ ውስጥ አለመቅረቱ ነው። ኒውላንድ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ስብሰባ ሲቃረብ ንግግሬን መስታወት ፊት እለማመዳለሁ። ሻይ ስደፋ «አንተ ደንቆሮ!»፣ ቁልፍ ስረሳ «አንተ የማትረባ!» እላለሁ፤ ያውም ጮክ ብዬ። ባለቤቴ «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ብትለኝ፣ ራስን ማወቅ ነው ብዬ አሾፍኩባት። ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የሚሠራ ጓደኛዬ ለራስ ስለ መራራት ሥልጠና ወስጃለሁ ሲለኝም፣ የሰነፎች ትምህርት ነው ብዬ ሳቅሁበት።

አንድ ቀን ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ የሒሳብ ፈተናዋን ይዛ መጣች። ሳልጠይቃት ፊቴ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አባዬ፣ የዝግጁነት ክፍተት አለብኝ። ደንቆሮ ነኝ።»

አላለቀሰችም። ጨርሳ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀች። ጎበዝ እንድላት ነበር የምትጠብቀው።

«ማነው ደንቆሮ ያለሽ?» አልኳት።

«ማንም። አንተ ግን ራስህን ትላለህ። መምህሩ ደንቆሮ ከሆነ እኔማ…»

እቅፍ አደረግኳት። ለስድብ የማይታክተው ምላሴ አንዲት ደግ ቃል አጥቶ ተሳሰረ።

በሚቀጥለው ግምገማ እጄ ጭኔ ላይ ቀረ። ስጠራ ተነስቼ «ድክመቴ አንድ ነው፤ የተማሪዎችን ፈተና እርማት አዘግይቻለሁ። ደክሞኝ ነበር። አስተካክላለሁ» አልኩና ተቀመጥኩ። የስፖርት መምህሩ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ሰብሳቢው ግን ፊቱን አጨማደደ። «ጥልቀት የለውም» አለኝ።

ቤት ስገባ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ምን አልካቸው?»

«ደክሞኝ ነበር አልኳቸው።»

«ደንቆሮ ነኝ አላልክም?»

«አላልኩም።»

አጣጥፋ ያስቀመጠችውን የሒሳብ ፈተናዋን አወጣችና ጎኔ ተቀመጠች።

«እኔም እኮ ማካፈል ከብዶኝ ነው» አለችኝ።