ስለ ሦስት ዓይነት ክርና ስለ አንድ ዓሣ

ቅዳሜ ንጋት፣ ዌስት ፉትስክሬይ

ከቤት ስወጣ ሰማዩ ገና አመድማ ነው። ከመኪናዬ ኋላ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሪል ከሚባለው የክር መጠቅለያው ጋር፣ አንድ ባልዲ፣ እዚህ አገር ኤስኪ የሚሏት የበረዶ ሳጥንና አንድ ጥቅል የናይለን ክር አለ። ክሩ ወፍራም ነው። ዲር ፓርክ ካለ አንድ መጋዘን ሄጄ፣ ከመደርደሪያው እያነሳሁ፣ በጣቴ እያሸሁ የመረጥኩት ነው። መርካቶ ሲባጎና ገመድ ስሸጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ገመድ ለእኔ የሚነግረኝ ገና አልተወለደም። ወፍራም ገመድ ጠንካራ ነው፤ ጠንካራ ገመድ ጥሩ ነው፤ አለቀ።

የምሄድበትን ምክንያት ልንገራችሁ። በየወሩ በተራ እየደገስን ጽዋ የምንጠጣ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነን። የእኔ ተራ ሁልጊዜ ጾመ ነቢያት ውስጥ ይወድቃል። አምና ከሱቅ የበረዶ ዓሣ ገዝቼ አቀረብኩ። (ዓሣ ያስገድፋል አያስገድፍም በሚለው ማኅበራችን ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ሲበላ ግን አንድ ነው።) ዓሣው ውሃ ውሃ አለ። አንዱ ማኅበርተኛ ቀምሶ፣ «ይሄ ዓሣ አይደለም፣ የዓሣ መታሰቢያ ነው» አለ። ሳቁ ሲበዛብኝ ብድግ ብዬ፣ እዚያው ጽዋው ፊት፣ «የከርሞው ዓሣ በገዛ እጄ ከባሕር ይወጣል!» አልኩ።

ገበያ ላይ የተነገረ ቃል ለድርድር ክፍት ነው። ጽዋ ፊት የተነገረ ግን ዋጋው አይቀነስም። ተራዬ ነገ እሑድ ነው። ባለቤቴ ዘነበች ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ፣ «ማን ተናገር አለህ?» ስትል ሰምቻታለሁ።

ኮሊንግዉድ

መንገዴ ወደ ምዕራብ ሆኖ ሳለ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ነዳሁ። ጋሼ ወርቁን ለመውሰድ ነው። ጋሼ ወርቁ የማኅበራችን ሙሴ ናቸው፤ ጽዋውን የሚይዙት፣ ተራ የሚያስጠብቁት፣ ቀሪውን የሚወቅሱት እሳቸው ናቸው። መንግሥት ከሚያከራያቸው ፎቆች በአንዱ ላይ፣ ደመና አጠገብ ይኖራሉ። ሊፍቱ ሲከፈት ካፖርት ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ወጡ።

«ጋሼ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ጃንጥላ?»

«ሜልበርን ነው ልጄ።»

«እኔ እኮ የምለው፣ ምን ያደክምዎታል? እኔው ሄጄ ባመጣውስ?»

«ከየት ልታመጣው?»

«ከባሕር ነዋ!»

«እሱን ለማየት ነው የምሄደው። መርካቶ አድጎ ዕቃ የማይቀይር ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም። የፉትስክሬይ ዓሣ ሻጮች ደግሞ መመለሻ መንገድህ ላይ ናቸው። ምስክር ሆኜ ነው የምሄደው።»

ተሰድቤ ነዳሁ። ዌስት ጌት ድልድይ ላይ ነፋሱ መኪናዋን ሲያወዛውዛት ጋሼ የበሩን እጀታ ይዘው «እግዚኦ» አሉ። ከታች ወደቡ፣ እንደ ክብሪት ቀፎ የተደረደሩ ኮንቴይነሮች፤ ከጎናችን የጭነት መኪና በጭነት መኪና ላይ። ድልድዩ ሲያልቅ ዞር ብለው፣ «አጥምደህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ዘንድሮ ነው የምጀምረው።»

ጂሎንግ መንገድ እስክንገባ ድረስ የበሩን እጀታ አልለቀቁም።

የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ፣ ከጂሎንግ መንገድ ዳር

ገና በማለዳ ተከፍቷል። የገባሁት ማማለያ ልገዛ ብቻ ነበር። ጺሙ ቀይ የሆነ ወጣት ሻጭ ዘንጌንና የናይለን ጥቅሌን አየና፣ «ሻርክ ልትይዙ ነው?» አለኝ።

«ስናፐር» አልኩት። ስናፐር በዚህ ወራት ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚገባ፣ ቆዳው ሮዝ የሚመስል፣ ሥጋው ነጭ ዓሣ ነው።

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። እንደ እኔ ባለ ስፒኒንግ በሚባል ሪል ላይ ክሩ የሚወጣው ከፊት በኩል፣ ቀለበት ቀለበት እየሆነ እየተፈታ ነው አለ። ወፍራም ናይለን ግን ተጠቅልሎ የኖረበትን ቅርጽ ያስታውሳል። በተወረወረ ቁጥር እንደ ፍራሽ ሞላ ይዘልና ይተበተባል፤ ሩቅም አይሄድም።

ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። «የሚያስታውስ ክር?» አሉ ደንግጠው። «ከነጋዴ ይሻላል።»

ከዚያ ልጁ ሌላ ክር አወጣ። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ አረንጓዴ፣ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር። ከእኔ ናይለን እኩል ይሸከማል አለኝ። ሳቄ መጣ። ዋጋውን ሳነብ ሳቄ ሄደ። የዜሮ ስሕተት መስሎኝ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። በዚህ ገንዘብ መርካቶ ውስጥ የሲባጎ ሱቅ ከነባለቤቱ እገዛ ነበር!

ሲባጎ የምንፈትሽበት መንገድ አለን። ጫፉን በሁለቱም መዳፍ ላይ ጠምጠም አድርገህ፣ አንዴ በኃይል ትመነጭቀዋለህ። የማይረባው ይበጠሳል፤ የሚረባው «ጧ!» ይላል። ይሄንንም ክር መዳፌ ላይ ጠመጠምኩና መነጨቅሁት።

ክሩ አልተበጠሰም። የተበጠስኩት እኔ ነኝ። እጄን ሳየው ምላጭ እንደዞረበት ዙሪያውን ቀይ መስመር አስምሯል፤ ደሙ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ። ክው ብዬ ቀረሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ገመድ ስጎትት ገመድ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።

«ኧረ ማይት!» (ወዳጄ ማለቱ ነው) ብሎ ልጁ ፕላስተር ፍለጋ ሮጠ።

ጋሼ ደሙን፣ ከዚያ ክሩን አይተው፣ «ጠንካራ ነው» አሉ።

ገዛሁት። በደሜ የተፈተነ ዕቃ ትቼ ልሄድ አልችልም። ልጁ ግን አልጨረሰም። ከጫፉ ላይ ደግሞ ሌላ፣ ውሃ ውስጥ የማይታይ፣ እንደ መስታወት ያለ ክር ይቀጠልበታል አለኝ።

«ለአንድ ዓሣ ሦስት ዓይነት ክር? ሊድሩት ነው?» አሉ ጋሼ። እኔም እዚህ ላይ እምቢ አልኩ። አዲሱን ክር በማሽን ልጠቅልልልህ ሲለኝም እምቢ አልኩ። ገመድ መጠቅለል ለእኔ? ናይለኑን ሪፈንድ አድርግልኝ ስለው ደግሞ እሱ እምቢ አለ፤ ከእሱ አልገዛሁትማ።

ልንወጣ ስንል ባሕር ላይ ለማጥመድ የመንግሥት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። እግዜር ለፈጠረው ዓሣ ለመንግሥት ልክፈል? እያጉረመረምኩ ከፈልኩ። ጋሼ ግን በዕድሜያቸው ነጻ ናቸው ተባለ። ያን ቀን ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ።

በር ላይ የማማለያውን ከረጢት ገልጠው አዩና ቆም አሉ። «ይሄ ምንድን ነው? ዓሣ ነው እንዴ?»

«ትንንሽ ዓሣ ነው ጋሼ። መንጠቆው ላይ የሚሰካ።»

«ዓሣ ገዛህ?»

«ማማለያ ነው የገዛሁት!»

«እኔ ያየሁትን ነው የምመሰክረው» ብለው ወደ መኪናው ሄዱ።

ፖርታርሊንግተን፣ ረፋድ

ጂሎንግን አልፈን፣ በወይን እርሻና በበግ ሜዳ መካከል ነድተን ደረስን። መንደሩ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ያያል። ከዳርቻው ረጅም መራመጃ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ መስል የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ የሚያመጡ ጀልባዎች ጎኑ ላይ ታስረዋል፤ ከማዶ፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ የሜልበርን ፎቆች እንደ ጥርስ ይታያሉ። ከጋሼ ፎቆች አንዱም እዚያ ውስጥ ይኖራል።

መኪናውን ፓርክ አድርጌ፣ አዲሱን ክር ራሴ ጠቀለልኩት። ክሩ የሚጠመጠምበትን የሪሉን እንዝርት፣ ስፑሉን፣ በማዳበሪያ ቋጠሮ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ። ማዳበሪያ ሙሉ ስኳር ከአዲስ አበባ ሞያሌ ይዞ የደረሰ ቋጠሮ ነው።

መራመጃው ላይ አጠገባችን የተቀመጡት አንዲት ግሪክ አሮጊት ናቸው፤ ስማቸው ማሪያ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ሁለት ዘንግ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ታጣፊ ወንበር አላቸው። ዓሣው ለጾም መሆኑን ስነግራቸው «እኛም እየጾምን ነው» አሉ። «የእኛ ቄስ ዓሣ ይፈቅዳሉ።»

ለጋሼ ስተረጉም ድርቅ ብለው ቀሩ። «በቡራኬ?»

«በቡራኬ።»

«ከነቄሱ?» አሉና ባሕሩን ለረጅም ጊዜ አዩት።

ወረወርኩ። ክሩ ፉጨት እያሰማ ሄደ፣ ሄደ፣ አላቆም አለ። እዚህ ቁጭ ብዬ ታዝማኒያ የደረስኩ መሰለኝ። ብዙም ሳንቆይ ዘንጉ ደፋ አለ። እንደገና ደፋ። ከዚያ ጫፉ ውሃውን ሊስም ጎነበሰ።

«ጎትት!» አሉ ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነስተው።

የሪሉን እጀታ አዞርኩ። ይዞራል፤ ክር ግን አይመጣም። በፍጥነት አዞርኩ። ጭራሽ ክሩ ወደ ባሕሩ ይሄዳል።

«ጠቅልለው እንጂ!»

«እየጠቀለልኩ ነው!»

«የታለ? እየሰጠኸው እኮ ነው!»

ላብ አጠመቀኝ። ሪሉ ተሰብሯል ብዬ አየሁት፤ አልተሰበረም። ቋጠሮዬ ተፈቷል ብዬ አየሁት፤ እንደታሰረ ነው። የተጠመጠመው ክር በሙሉ፣ ከነቋጠሮው፣ ጣት ላይ እንደሰፋ ቀለበት ስፑሉ ላይ ይሽከረከራል። ያን ጊዜ ክሩ ላላ አለ። ዓሣው ሄደ። ዓይኔ እያየ፣ እጄ እያዞረ፣ ሞያሌ የደረሰው ቋጠሮዬ አፍንጫዬ ሥር ጉድ ሠራኝ።

ማሪያ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ መጥተው ጣታቸውን ስፑሉ ላይ አኖሩ። «የተጎነጎነ ክር ሙልጭልጭ ነው፤ ብረቱም ልስልስ ነው። በምን ይያያዙ? መጀመሪያ ከሥር ትንሽ ናይለን ትጠመጥማለህ። ናይለኑ ብረቱን ይነክሳል፤ ይሄኛው ደግሞ ናይለኑን ይነክሳል። ወፍራም ናይለን የለህም?»

ጋሼም እኔም እኩል ወደ መኪናው ዞርን።

አዲሱን ክር ለማራገፍ ጋሼ ጫፉን ጃንጥላቸው እጀታ ላይ አስረው (እጄን አይተው በጣታቸው ሊነኩት አልፈለጉም) በመራመጃው ላይ ቀስ እያሉ ሄዱ። ሰዉ በክሩ ሥር እያጎነበሰ ያልፋል፤ አንድ ውሻ ተጠመጠመና ተፈታ። ናይለኑን ጥቂት ዙር ጠመጠምኩ፤ ሁለቱን ቀጠልኩ፤ ጋሼ ክሩን ወጥረው ወደ እኔ እየተራመዱ፣ እኔም እየጠቀለልኩ ተገናኘን። ማሪያ ከራሳቸው ጥቅል አንድ ክንድ የሚሆን እንደ መስታወት ያለ ክር ቆርጠው ጫፉ ላይ ቀጠሉልኝ። በምላሹ ዘነበች ያስያዘችኝን ቆሎ ሰጠኋቸው።

ጋሼ የተሞላውን ስፑል እያገላበጡ አዩት። «ርካሹ ከሥር ተደብቆ፣ ውዱ ከላይ ይታያል። ይሄማ የእናንተ ሙያ ነው! ብርቱካን እንዲህ ነው የምትሸጡት!»

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ግን ትክክለኛው አሠራር ይሄ ነው።»

«ጉድ ነው» አሉ።

ከሰዓት በኋላ

ሁለተኛው ዓሣ መጣ። ክሩ ያዘ፤ ዓሣው ወጣ፤ ሮዝ ነው፤ ስናፐር ነው! ጋሼ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ማሪያ ግን ባልዲያቸው ጎን ላይ ከለጠፉት መለኪያ ጋር አስጠጉትና፣ «ትንሽ ነው። ወደ ውሃው» አሉ።

«ምን አሉ?» አሉ ጋሼ።

«መልሰው አሉ። ሕጉ ነው።»

«እግዜር የሰጠህን ልትመልስ?»

«ቅጣት አለው ጋሼ።»

ጋሼ ወርቁ ግራ ቀኝ አዩ። ጠጋ አሉኝ። የማኅበራችን ሙሴ፣ እኔ እንዳላጭበረብር ሊጠብቁ ከኮሊንግዉድ ድረስ የመጡት ሰው፣ ጃንጥላቸውን በትንሹ ከፈት አድርገው በሹክሹክታ፣ «እዚህ ጣለው» አሉኝ።

በቀኑ ከደነገጥኩት ሁሉ የበለጠ እዚህ ደነገጥኩ።

«ጋሼ!»

«ቃልህ እኮ ነው! ነገ ምን ልትል ነው? እኔስ ጽዋውን ይዤ ምን ልበል?»

ፊታቸውን ሳየው ገባኝ። ሊያጋልጡኝ ሳይሆን እንዳልዋረድ ነው የመጡት። ዓሣው በእጄ ላይ ይፈራገጣል። መመስከር የማይችሉበትን ዓሣ ጽዋ ፊት ማቅረብ ግን ከበረዶው ዓሣ ይብሳል። ወደ ውሃው ወረወርኩት። ጋሼ ጃንጥላቸውን ዘጉ።

ከዚያ ዓሣ ጠፋ። ነፋሱ ከደቡብ ዞረ፤ ዘነበ፤ ጃንጥላው ለተፈጠረበት ሥራ ዋለ። ጀልባዎቹ ገቡ። ማሪያ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ጋሼ የማሪያን ወንበር ተረክበው፣ ዓይናቸው ተከድኖ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አልጠየቅኋቸውም።

ዘንጉ ሲጎነብስ አላመንኩም። ክሩ ወጣ፣ ጮኸ፣ እኔ ግን ያየሁት ከሥር ያለውን ነው። ናይለኑ ብረቱን ነክሷል። አልተሽከረከረም። ጎተትኩ፤ ጎተተኝ። የቆሰለው እጄ እንደገና ደማ። ማሪያ መረባቸውን ይዘው ተመለሱ፣ ጋሼ ቀበቶዬን ከኋላ ያዙ። ዓሣው መረቡ ውስጥ ገብቶ መራመጃው ላይ አረፈ። ማሪያ ለኩት። እንደገና ለኩት።

«የአንተ ነው» አሉ።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ምሽት፣ እንደገና ዌስት ፉትስክሬይ

ዘነበች ኤስኪውን ከፈተች። ከበረዶው ሥር ሌላ ፈለገች። የለም።

«አንድ? ለአሥራ ሁለት ቤተሰብ አንድ?»

የመለሱት ጋሼ ናቸው። «ቃሉ ‹ዓሣ በገዛ እጄ ይወጣል› ነው። ስንት ዓሣ አላለም። እዚያው ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ።»

አፌን ከፍቼ አየኋቸው። ይሄን ያህል ዘመን በንግድ ስኖር እንዲህ ያለ ክርክር ለራሴ እንኳ አልመጣልኝም።

ዘነበች ዓሣውን አየች፣ በፕላስተር የታሸገውን እጄን አየች፣ ምስር ዘርግፋ መልቀም ጀመረች። በማግስቱ ትልቁ ትሪ ሲቀርብ ከሥር ምስር ወጥ እስከ አፉ ተሞልቷል። ከላይ፣ በጠቅላላው ስፋት ላይ፣ ሮዝ ጅራቱ ከትሪው ወጥቶ፣ ያ ዓሣ ተጋድሟል። አምና የሳቀው ማኅበርተኛ እጁን ዘርግቶ ቀመሰ። ሁሉም አፉን ያየዋል። ዋጠ፣ ደግሞ ዘረጋ።

ጋሼ ወርቁ ጽዋውን እንደያዙ ወደ ትሪው ጎንበስ አሉ፤ የላዩንም፣ የታቹንም አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «አይቻለሁ፤ አሠራሩ ትክክል ነው» ብለው መሰከሩ።