ያልተፋችው ጉንጭ

ማግሪታ ፎርቱይን ዕድሜዋን በሙሉ ወይን ስትቀምስ ኖራ አንድም ቀን ሰክራ አታውቅም። በወይን አብቃዩ የስዋርትላንድ ወረዳ እንዲህ ማለት የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ ከወይን ለቃሚዎች ሰፈር ደግሞ ከእሷ በቀር የለም። ብርጭቆውን ታነሳለች፣ ታሸታለች፣ አንድ ጉንጭ ወስዳ ምላሷ ላይ ታንከባልላለች፤ ከዚያ ባልዲው ውስጥ እንትፍ! እናቷን መጠጥ ጉበቷን በልቶ የገደላት ጊዜ፣ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆማ፣ “ከዚህ ነገር አንዲት ጠብታ በጉሮሮዬ አትወርድም” ብላ ነበር። መትፋት ለሌሎቹ ቀማሾች የሙያ ሥርዓት ነው። ለእሷ መሐላ ነበር።

አባቷ ኢሳክ ግን ነገሩን እስከ እርጅናው አልተቀበለውም።

“የኔ ልጅ ደመወዝ የሚከፈላት ለመትፋት ነው!” ይላል ለጎረቤቱ። “እኔ ያኔ ብተፋው ኖሮ ካቦው በጥፊ ያጮለኝ ነበር።”

“ያኔ ብትተፋው ኖሮማ እማዬ ዛሬ እዚህ ነበረች፣ አባባ።”

“እሷ ከኔ በላይ ነበር የምትጠጣው! እኔ ላይ አትለጥፊ” ይላል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

“ያኔ” የሚሉት የዶፕ ዘመን ነው፤ የእርሻው ጌታ ለሠራተኛው በደመወዝ ፈንታ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ወይን በጣሳ የሚያድልበት ዘመን። ሕግ ከከለከለው በኋላም ስንት ዓመት ቀጥሏል። ጥሩው ወይን በጠርሙስ ታሽጎ ባሕር ይሻገራል። ወይኑን ለገረዘውና ለለቀመው የሚቀረው የበርሜሉ ግርጌ ነው፤ አየር የመታው፣ ወደ አቼቶ መዞር የጀመረው። ባርነት ሲቀር ሰንሰለቱ የት እንደሚገባ ብዙ ሰው አይጠይቅም። የብረቱ ሙዚየም ይገባል። ሌላም ሰንሰለት አለ፤ እሱ የሚገባው ሰው ውስጥ ነው።

ማግሪታ በመጥመቂያው ቤት ብርጭቆ በማጠብ ጀምራ፣ ተምራ፣ ስለ አካባቢው ወይኖች በወረዳው ጋዜጣ አስተያየት እስከ መጻፍ ደረሰች። ስቲን የሚሉትን ነጭ ወይን ቀምሳ ከየትኛው ኮረብታ እንደ ተለቀመ ትናገራለች፤ ድንጋያማው ላይ ያደገው እርጥብ ጠጠርና ያልበሰለ ኮክ ይላል፣ ቀይ አፈር ላይ ያደገው ማርና ገለባ። ስለ አንድ ጠማቂ ፒኖታጅ የተባለ ወይን፣ “ይህ ቀይ ወይን ጭስ ቤት ያደገ ሰው ይመስላል፤ ታጥቦም ይሸታል፣ ግን ጨዋታው ደስ ይላል” ብላ ብትጽፍ ባለቤቱ ተቆጣ፤ ገዢው ግን በዛለት።

የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ የወረዳው ቀማሽ ዳኞች ወንበር። የትኛው ወይን የወረዳውን ማኅተም እንደሚያገኝ የሚወስኑት እነዚህ ዳኞች ናቸው። ከለቃሚዎች ሰፈር እዚያ የተቀመጠ ሰው ኖሮ አያውቅም። ወንበር ሲለቀቅ ማግሪታን ለፈተና ጠሯት።

በፈተናው ቀን ስማቸው የተሸፈነ ነጭ ወይኖች ፊቷ ተደረደሩ። የምትቀምሰውን በየደረጃው ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን እንደ ልማዷ ቀመሰች፣ ተፋች፣ ጻፈች። ወደ መጨረሻው ብርጭቆ ስትደርስ ግን እጇ ዘገየ። መልኩ ጠቆር ያለ ነበር። ስታሸተው የእናቷ ሻርፕ መጣባት። ከወይን ቅጠል ሥር ያለ ጥላ፣ አቧራ፣ ከሩቅ የሚሳሳቁ ሴቶች ድምፅ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ዓይኗን ጨፍና፣ “ቤት ቤት የሚሸት ወይን ነው። ከሁሉም ይበልጣል” ብላ ጻፈች። ዓይኗን ስትገልጥ አፏ ባዶ ነበር። ወደ ባልዲው ጎንበስ አላለችም። ውጣዋለች።

የዳኞቹ ሰብሳቢ ሚስተር ማልኸርብ ወረቀቷን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ወሰዳት።

“ማግሪታ፣ የመጨረሻው እኮ ማጥመጃ ነበር። የተበላሸ ነው! ከበርሜል ግርጌ ነው ያስቀዳሁት፣ ማንም አይስተውም ብዬ።”

ዞራ ብርጭቆውን አየችው።

“ተምታቶብሽ ነው አይደል? አንደኛ ያልሽው ሌላውን ነው፣ ብርጭቆው ተቀያይሮብሽ ነው። እንዲህ በይኝና እዚሁ እናስተካክለው። ወንበሩ ያንቺ ነው፤ ሁላችንም የምንፈልገው አንቺን ነው።”

የሰውየው ደግነት እውነተኛ ነበር፤ ያ ይበልጥ ከበዳት። አንዲት ቃል ናት። ነገር ግን አንዴ ከዋሸች በኋላ በምታትመው ማኅተም ሁሉ ላይ ያ ብርጭቆ ይቀመጣል። ሰው በሌላው ሊፈርድ የሚችለው በየት በኩል እንደሚያደላ ሲያውቅ ነው፤ እሷ ደግሞ አሁን ገና ማወቋ ነው።

“አልተምታታብኝም” አለች።

“ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?”

“ጣፈጠኝ።”

“እንዲህ እያልሽ እኮ ወንበሩ ላይ…”

“አልቀመጥም። አውቃለሁ፣ ሚስተር ማልኸርብ። ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ።”

ቤት ስትደርስ ኢሳክ ሆዱ አብጦ አልጋው ላይ ተደግፏል። የእናቷ በሽታ እሱንም ከያዘው ሰንብቷል።

“እህ፣ የዳኛዋ አባት ነኝ ወይስ አይደለሁም?”

“አይደለህም።” የሆነውን ነገረችው።

ሳቀ፤ ሳል እስኪያፍነው ሳቀ። “አይ ማግሪታ! የኛን ጣሳ ለነጮቹ አንደኛ አደረግሽላቸው!”

“አባባ፣ እኔ እኮ ጠጥቼ አላውቅም። ከየት አወቅኩት?”

ሳቁ ቀረ። የብርድ ልብሱን ዘርፍ ጎነጎነ።

“በማንኪያ ነው” አለ በመጨረሻ። “ስታለቅሺ ካቦው ይቆጣል፤ የምንለቅመው ረድፍ ደግሞ ማለቅ አለበት። እናትሽ ከጣሳዋ በማንኪያ አፍሽ ላይ ጠብ ታደርግልሽ ነበር። ከዚያ ከወይኑ ሥር ድብን ብለሽ ትተኚያለሽ። ሁሉም እናት እንዲያ ነበር የምታደርገው። እንድትተኚልን ነበር፣ ልጄ።”

ማግሪታ ተነሳች። መሐላዋ እንደ ዘገየ ገባት፤ አፍ ሳትፈታ የዋጠችውን በምን ትተፋዋለች? ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ያለችውን ጣሳ አወረደች። ሽማግሌው ውሃ እንኳ በሌላ ዕቃ አይጠጣም። ውሃ ሞልታ ከንፈሩ ላይ ያዘችለት።

ጠጣ። ሁለተኛውን ጉንጭ ግን አልዋጠውም። ልክ እሷ እንደምታደርገው አፉ ውስጥ አንከባለለው፣ ዓይኗን ዓይኗን እያየ። ከአልጋው ሥር ወዳለው ሳፋ ዘንበል ብሎ ተፋው።

“እንዲህ ነው?”

“እንዲህ ነው፣ አባባ።”

ውሃው ግን ሳፋው ጋ አልደረሰም። አገጩ ላይ ተንጠባጥቦ ቀረ፤ መትፋትም በጊዜ ላልለመደው ሰው ጉልበት ይጠይቃል።