ከቂጣው የበሉት ሰዎች

ከደሴ የወጣን ቀን ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በቀትር ሠፈራችንን ሆጤን ውጧት ነበር። ጎረቤቶቻችን በየደጃቸው ቆመዋል፤ በጭጋጉ ውስጥ ነጠላቸው ብቻ ይታየኛል። አንድም ሰው "በሰላም ግቡ" አላለንም። ፈርተውናል። ለምን እንደሄድን ዛሬም የምትጠይቁኝ አላችሁና ልንገራችሁ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነው፤ እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ሰዉ ማረሻውን ሊያሠራ ይመጣል፣ ከእጃችን ግን ውኃ አይጠጣም፤ "ቡዳ" ይሉናል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ፋሲካን የምናከብረው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። እርሾ ከቤት አውጥተን ሰባት ቀን ቂጣ እንበላለን። ለአባቴ ግን ድሃ ያልቀመሰው በዓል በዓል አልነበረም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ፋሲካ ሲደርስ ያለንን ስንዴ ሁሉ ጋገርኩና ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፤ የተራበው ሕዝብ ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ሰፍሮ ነበር።

ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ እንደዚያ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። ሕፃን እንኳ አያለቅስም። ቂጣውን ስዘረጋ ማንም እጁን አላነሳም፤ አባቴን የሚያውቅ ነበር መሰለኝ፣ "ቀጥቃጩ ነው" የሚል ሹክሹክታ አለፈ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ "አምጪ ልጄ፣ አላህ ነው የላከሽ" አሉና ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። ከዚያ ሁሉም ተቀበለን።

በማግስቱ ለራሳችን ያስቀረነውን ቂጣ ይዘን ወረድን። ሜዳው ባዶ ነው። አመድ አለ፣ የተሰበረ ቅል አለ፣ አንድ እግር የጎማ ጫማ አለ፤ ሰው የለም።

"የጭነት መኪና ድምፅ ሰምተናል" አለችን ውኃ የቀዳች ሴት፤ "ለሰፈራ ይሆናል።" ይህን ብላ እንስራዋን አዝላ ሄደች፤ ዞራም አላየችን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደሴ ገባ። የቀጥቃጩን ቂጣ የበሉ ሁሉ ጠፉ ተባለ። የቀበሌው ሊቀመንበር አባቴን አስጠራው፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ።

"ምን አበላሃቸው?"

"ቂጣ፣ ጓድ ሊቀመንበር። በዓላችን ነው።"

"ታዲያ የት ገቡ?"

"መንግሥት ነው የወሰዳቸው ይላሉ።"

"መንግሥት ሰው በላ ልትለኝ ነው?"

"ኧረ የለም ጓድ፤ እኔን በላ ስላሉኝ ነው እንጂ።"

በዚያው ሳምንት ወጣን። አዲስ አበባ ዓመታት ተራ ጠብቀን በአውሮፕላን እስራኤል ገባን። መርከዝ ክሊታ በሚሉት የአዲስ መጤዎች ማረፊያ አንድ ክፍል ሰጡን። ዳቦው እንደ ጥጥ ነው፣ ብትበሉት አትጠግቡም፤ ብርዱ ግን የደሴ ነው።

በመጋቢት አንድ ቀን በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ የአንዱ ራስ የአንበሳ ነው፣ የሌላው ፊት እንደ ኖራ የነጣ፣ ዓይኑ ሁለት ቀዳዳ። ጮህኩ። ነጩ ፊት ምግብ የሞላበት ከረጢት አቀበለኝና በሴት ድምፅ "ፑሪም ሳሜያሕ!" አለኝ፤ መልካም ፑሪም ማለቷ ነው። ፑሪም የአስቴር በዓል ነው፤ እኛ ግን ጾሟን እንጂ ጭምብሉን አናውቅም። አጠገባችን የሚኖረው አስተርጓሚ ጩኸቴን ሰምቶ መጣና ሳቀ።

"አትፍሩ። በዚህ በዓል ለሁለት ድሃ መስጠት ግዴታቸው ነው። እናንተ ደግሞ ልክ ሁለት ናችሁ።"

"ድሃ ነን እንዴ?" አለ አባቴ። ከረጢቱን አልነካውም።

ማምሻውን ደሴ እንድደውልለት ለመነኝ። አሲሞን የሚባለውን የስልክ ሳንቲም ገዝተን፣ ሱቋ ውስጥ ስልክ ላላት ለቀድሞ ጎረቤታችን ለዘይነባ ደወልን።

"ጋሼ! ወላሂ እርስዎ ነዎት? አላችሁ?"

"አለን ዘይነባ። ሠፈሩስ?"

"ጭር ብሏል። ሰኞ ለታ ወጣቱን ሁሉ አፍሰው ለጦር ሜዳ ጫኑት።"

"ያንቺስ ልጅ?"

ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። አባቴ "ዘይነባ? ዘይነባ?" ይላል፣ እኔ ሳንቲሙን እጨምራለሁ። እሷም አልዘጋችም፣ እኛም አልዘጋንም፤ አሲሞኑ ከእጄ እስኪያልቅ ድረስ ዝምታዋን ስንሰማ ቆምን።