አይታጠፍም የተባለው አውራ ጣት

ሴራሚክ አንጣፊ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተንበርክካ፣ የእግሯን ጣቶች አጥፋ፣ የሰው መታጠቢያ ቤትና ኮሪደር ስታነጥፍ ኖራለች። ሥራዋ ዝንፍ ስለማይል አብረዋት የሚሠሩት ሁሉ «ውሃልክ» ይሏታል።

የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ማመም ሲጀምረው ችላ አለችው። ሥሩ አብጦ ጫማ አላስገባ ሲላት ግን ሰፈሯ ያለው ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ ጫማዋን እንኳ ሳያስወልቃት ሪህ ነው አለና ሥጋ እንድትተው አዘዛት።

«ከየት አግኝቼው ነው የምተወው?» አለችው።

አልሳቀም። ክኒን ጻፈላት። እንዲሁ ሦስት ዓመት ክኒን ስትውጥ ጣቷ ጭራሽ እየገተረ ሄደ። በእግሯ ጠርዝ እየረገጠች ጉልበቷም ያማት ጀመር። ፎርማኑ ደግሞ ሰንፋለች ብሎ አስወራባት። ከሕመሙ ይልቅ ያ ወሬ አንገበገባት።

በመጨረሻ ታላቅ እህቷ ጎትታ ሆስፒታል ወሰደቻት። የአጥንት ሐኪሙ ራጁን አየት አድርጎ መገጣጠሚያው ስላለቀ ሁለቱን አጥንቶች በብሎን አያይዞ እንደሚያደርቀው ነገራት።

«ከዚያ በኋላ ይታጠፋል?»

«አይታጠፍም።»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ልንበርከክ?»

«ሥራ ትቀይሪያለሽ» አለና ቀጣዩን ታካሚ አስጠራ።

ደሟ ፈላ። በሩን አላትማ ወጣች፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንንም በቅጡ አላናገረችም።

እህቷ ግን አልተወቻትም፤ አፈላልጋ አንዲት የእግር ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ይቺኛዋ ሁለቱንም ጫማ አስወልቃ፣ «እስቲ ሲሠሩ እንዴት እንደሚሆኑ ያሳዩኝ» አለቻት። ውሃልክ ወለሉ ላይ ስትንበረከክ እንባዋ መጣ። ሐኪሟም አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ጣቱን ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቀሰችው። ያለቀው የመገጣጠሚያው የላይኛው ጠርዝ ብቻ ነበር። እዚያ የበቀለው ትርፍ አጥንት ጣቱን እንዳይታጠፍ ያግደዋል፤ እሱን ከርክሞ መገጣጠሚያውን ማትረፍ ይቻላል። ከዓመታት በኋላ ሕመሙ ሊመለስ፣ ያኔ ማድረቁም ሊመጣ እንደሚችል አልደበቀቻትም።

«ያኛው ሐኪም ይህን አያውቅም ነበር?» አለች ውሃልክ።

ሐኪሟ የቀዶ ጥገናውን ቀጠሮ ጻፈችላት።

ቀዶ ጥገናው አንድ ሰዓት አልፈጀም። የከበደው የኋላው ነው። ጣቱ ተመልሶ እንዳይገትር በየቀኑ በእጇ ማጠፍ ነበረባት። ክሊኒኩን፣ ፎርማኑን፣ የአጥንት ሐኪሙን በየተራ እየተሳደበች አጠፈችው። እህቷ ከጓዳ ሆና «ዛሬ ማን ላይ ደረስሽ?» ትላታለች።

በሦስተኛው ወር ሥራ ገባች። ጣቷ እንደ ድሮው ባይሆንም ለመንበርከክ ይበቃል፤ ጠዋት ሲበርድ ብቻ ይቆረጥማታል። እንኳን ዳንሽ የሚሏት ሰዎች ፊቷ ለምን እንደማይፈታ አይገባቸውም። እህቷ አንድ ቀን አሁንስ ይብቃሽ ብትላት፣

«ጣቴ ተሽሎታል፤ እኔ ገና ነኝ» አለቻት።