መርዶ ያልያዘች እንግዳ

ማስተዋል ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህ አስቀድሞ ይነገርላት። ያን ማለዳ በፀዳ ሰፈር ጩኸት ያስነሣችው በጎ ልታደርግ ወጥታ ነው። ጥፋቷ ቢባል፣ ከስልክ ያገኘችውን ምክር የሰፈሯን ወግ ሳታማክር መፈጸሟ ነው።

ጎንደር ውስጥ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። እጇ ቀላል ነው፣ መርፌዋ አያምም እየተባለ ሰፈርተኛው ልጁን እያዘለ ቤቷ ይመጣ ነበር። ታዲያ ካለፈው ክረምት ወዲህ አንድ ነገር ከውስጧ ጎደለ። ማንም አልሞተባትም፤ ትኩሳት የላት፣ ቁስል የላት። እንዲሁ ጠዋት ስትነቃ ደረቷ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስላታል። ሥራዋን እንደምንም ትሠራለች፤ ቤቷ ስትገባ በሯን ዘግታ ትጋደማለች። ባሏ ሙሉቀን መጀመሪያ ደክሞሽ ነው አላት፤ ቀጥሎ ዓይነ ጥላ ይሆናል ብሎ ጠበል ወሰዳት። ጠበሉን ወደደችው፤ ውሃው ሲወርድባት ለጊዜው ቀለል ይላታል። ቤቷ ስትመለስ ግን ድንጋዩ ቀድሟት ገብቶ ይጠብቃታል። ለሥራ ባልደረቦቿ መናገሩን ደግሞ አፈረች። ሕመምተኛ አጽናኝ ተብላ ደመወዝ የምትበላ ሴት ራሷ አጽናኝ ፈለገች ሲባል ምን ይሏታል?

ከሁሉ የባሰው የእትዬ እታገኘሁ ነገር ነበር። እትዬ እታገኘሁ ከሦስት ቤት ወዲያ የምትኖር ባልቴት ናት፤ ማስተዋል ልጆቿን ስትወልድ ያረሰቻት እሷ ናት። አንድ ልጇ አለነ አይሱዙ እየነዳ በመተማ መንገድ ይመላለሳል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል እንደ ልማዱ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። መንገድ ተዘግቷል፣ ኔትወርክ የለም እያለ ሰፈሩ በሙሉ ሄዶ አይዞሽ አላት። ማስተዋል ብቻ አልሄደችም። ነገ እሄዳለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ እግሯ አይነሣም። በቆየች ቁጥር እፍረቱ ከበደ፣ እፍረቱ በከበደ ቁጥር ደግሞ መሄዱ ራቀ። ኋላማ በዚያ በር ላለማለፍ በጓሮ ዞራ ባጃጅ መያዝ ጀመረች። እናት የምትላትን ሴት በጭንቅ ቀን እንደከዳቻት ታውቃለች። መንገድ ላይ ድንገት ብትገጣጠማትና ፊቷን ብታዞርባትስ?

የአእምሮ ሕክምና ክፍል የምትሠራው ሄለን ግን ዓይን አላት። ምንም ሳትጠይቅ ልባቸው ለከበደባቸው ሰዎች የተዘጋጀ የምክር ሊንክ በቴሌግራም ላከችላት። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ፣ ማንም ሳያይሽ ብቻሽን የምትጨርሺው ነው፤ ካልበቃሽ እኔ አለሁልሽ አለቻት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ማስተዋል የሆስፒታሉ ዋይፋይ ከሚደርስበት ደረጃ ሥር ቁጭ ብላ ከፈተችው።

አማርኛው ይደርቃል። ውድ ተጠቃሚ፣ የስሜትዎን ዝቅታ ከዜሮ እስከ አሥር ይመዝኑ ይላል፤ የሆድ ብሶት እንደ ጤፍ ሚዛን ላይ የሚወጣ ይመስል። ከሥሩ ያለው ነገር ግን እውነት ነበር። ደስ እስኪለኝ ልጠብቅ ካሉ ደስታው አይመጣም፤ መጀመሪያ እግር ይሂድ፣ ልብ ኋላ ይከተላል ይላል። ደኅና ሳሉ ያደርጉት የነበረ፣ አሁን የተዉት አንድ ትንሽ ነገር ይምረጡ። መቼ እንደሚያደርጉት ይወስኑ። ሐሳብ ሳይከማችብዎ ማለዳ ቢሆን ይመረጣል። ማስተዋል እያነበበች እንባዋ መጣ። መልሱን ለመጻፍ አላመነታችም፤ እትዬ እታገኘሁን መጠየቅ፣ ነገ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት።

እንግዲህ ያንን ምክር የጻፈው ሰው፣ የየትም አገር ሰው ይሁን፣ የጎንደርን መርዶ አያውቅም። እዚህ ሞት በስልክ አይነገርም። የቀረበ ሰው ሽማግሌ አስከትሎ፣ ባለ ሐዘኑ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎሕ ሲቀድ ሄዶ በር ይመታል። ልጁ የጠፋበት ሰው ዘንድ በዚያ ሰዓት ድንገት አይኬድም፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ማስተዋልም ታውቀዋለች። ግን ያን ማለዳ ጉልበቷ ሁሉ ያለቀው ወደ አልጋዋ እንዳትመለስ ከራሷ ጋር ስትታገል ነው። ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አንሥታ በድንግዝግዙ እንደነገሩ ጣል አደረገችው። ጥለቱ ተዘቅዝቆ አንገቷ ላይ መዋሉን አላየችም። እንዲያ የሚለብስ ሐዘንተኛ ነው።

ይህ እንዳይበቃ መንገድ ላይ አያ ሐብተ ማርያምን አገኘቻቸው። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ኪዳን አድርሰው እየተመለሱ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ስላዩዋት ደስ ብሏቸው፣ ምነው ጠፋሽ እያሉ አብረዋት አዘገሙ። እትዬ እታገኘሁ በር ላይ ስትቆም ጊዜም፣ እኔም ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልለፍ ብለው ከኋላዋ ቆሙ።

ማስተዋል አንኳኳች። ታባርረኝ ይሆን ብላ ነው የፈራችው። ከበሩ ወዲያ ሌላ ፍርሃት መኖሩ ትዝ አላላትም።

እትዬ እታገኘሁ መጥረጊያ እንደያዘች ከፈተች። ነርሷን አየች። ነጠላውን አየች። ከኋላ የእድር ዳኛውን አየች። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

"ልጄን" አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ።

የፀዳ ሴቶች ለጩኸት አይዘገዩም። ከየበሩ ባንድ እግር ጫማ ደረሱ፤ አንዷማ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ደረቷን መድቃት ጀመረች። አያ ሐብተ ማርያም ኧረ ምንም የለም ይላሉ፤ ማን ሰምቷቸው። ማስተዋል አልሞተም ልትል ብላ ተወችው። አለነ ይኑር አይኑር እሷስ ምን ታውቃለች? ደግሞ መርዶ ነጋሪ ሁሉ ሲጀምር ምንም የለም፣ ትንሽ አሞት ነው ነው የሚለው። ደኅና ነው ብትል ማን ያምናታል? እትዬ እታገኘሁ መሬት ተቀምጣ የማስተዋልን ቀሚስ ጫፍ ይዛለች፤ ተናገሪ፣ ተናገሪ ትላለች።

ማስተዋል ያን ጊዜ ነው የነጠላዋ ጥለት የታያት። ከላይዋ ገፍፋ ወረወረችውና አጠገቧ ተንበረከከች።

"እትዬ፣ ስለ አለነ ምንም የማውቀው የለም። እኛ ሆስፒታልም አልመጣም፤ እመቤቴ ምስክሬ ናት። የታመምሁ እኔ ነኝ። ልቤ ታሞብኝ፣ የሰው ፊት ማየት አቅቶኝ ነው የቀረሁብሽ። ዛሬ ልጠይቅሽ ብቻ መጣሁ።"

ይህን ለባሏ እንኳ እንዲህ አውጥታ ነግራው አታውቅም፤ አሁን ግማሽ ሰፈር ሰማው። ጩኸቱ ረገበ። ደረቷን ስትደቃ የነበረችው ሴትም እጇን ወደ ነጠላዋ መለሰች።

እትዬ እታገኘሁ የማስተዋልን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየቻት።

"ሆስፒታል የምትውይ አንቺ ነሽ" አለች። "ሬሳ ሲገባ የምታይ አንቺ ነሽ። ሁሉ ሲመጣ አንቺ ስትቀሪ፣ ልጄን አይታው፣ ልትነግረኝ ጨንቋት ነው አልሁ። ባልመጣሽ ቁጥር ስቀብረው ነው የከረምሁ።"

ማስተዋል በሯን ዘግታ ስትጋደም የምትጎዳው ራሷን ብቻ መስሏት ነበር። ለካ እሷ በተኛች ቁጥር ከሦስት ቤት ወዲያ አንዲት እናት በሕይወት ያለ ሊሆን የሚችል ልጇን ታለቅስለት ኖሯል። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ሴቶቹም ከመጣን አይቀር ብለው አብረው አለቀሱ። አያ ሐብተ ማርያም ከእንግዲህ በማለዳ የማንንም በር ሰላም አልልም ብለው ሲምሉ ግን እትዬ እታገኘሁ ራሷ በእንባዋ መሀል ሳቀች።

ማስተዋል ልትሄድ ስትነሣ እትዬ እታገኘሁ እጇን አልለቀቀቻትም።

"ነገም ነይ፣ በዚሁ ሰዓት። ከነገ ወዲያም። በየማለዳው ከመጣሽ በሩ ሲንኳኳ አልደነግጥም። ያቺ ቀን ብትመጣም፣ የምትነግሪኝ አንቺ ሁኚ።"

ሆስፒታል አርፍዳ ስትደርስ ስልኳ ያሰቡትን ፈጸሙ ወይ፣ ስሜትዎስ ስንት ሆነ ብሎ ጠየቃት። ጣቷን ቁጥሮቹ ላይ እንዳንዣበበች ቆየችና ዘጋችው፤ ለዚህ የሚሆን ቁጥር አላገኘችም። ተነሥታ ወደ ሄለን ክፍል ሄደች፤ አልበቃኝም አለቻት።

በማግሥቱ ነቃች፤ ድንጋዩ እንዳለ አለ። ዛሬስ ብቀር ምን አለበት አላት ሆዷ። ብትቀር ያቺ ሴት ልጇን ዳግመኛ እንደምትቀብር አሰበችና ከአልጋዋ ወረደች። መስተዋት ፊት ቆማ የነጠላዋን ጥለት አስተካከለች። አለነ አሁንም አልደወለም። ወደ በሩ ሳትጠጋ ገና ከሩቅ፣ እኔ ነኝ እትዬ፣ ሸጋ ነው፣ ምንም የለም ብላ ተጣራች።

"ግቢ" አለች እትዬ እታገኘሁ። በሩ ማስተዋል ከመምጣቷ በፊት ተከፍቶ ነበር።