ሥሩ ለመሬቷ

አባቴ ባቡር ጥገና ላይ ዕድሜውን ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ፣ ታላቅ ወንድሙ ከድሬ ወጣ ብላ ያለች ቁራሽ መሬቱን እኩል እንዲያርስ ሰጠው። ምርቱን ለሁለት ሊካፈሉ ማለት ነው። ሰጠው ስላችሁ ታዲያ አትሳቱ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ የሚሆንባት፣ አራሽ ሁሉ ጥሏት የሄደ መሬት ናት። አጎቴ የማይፈልገውን በመስጠት የታወቀ ለጋስ ነው።

አንድ የግብርና ባለሙያ ለአባቴ መላ ነገረው። በማሽላው መሀል ቦሎቄ ዝራ፤ ቦሎቄ መሬት የሚያዳብረውን ናይትሮጂን ከአየር እየሳበ ሥሩ ላይ ባሉ እብጠቶች ያጠራቅማል፤ ስትሰበስብ ግን እጨደው እንጂ አትንቀለው፣ ሥሩ እዚያው ይቅር አለው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ቦሎቄ ይነቀላል እንጂ አይታጨድም። ፍሬው ለሰው፣ የቀረው ከነሥሩ ለፍየል ነው። አባቴ ማጭድ ይዞ ሲያጎነብስ ጎረቤቶቹ ሳቁበት።

"አቦ፣ ፀጉር አስተካካይ ሆንክ እንዴ! ሥሩን ለማን ነው የምትተወው?" አለው አጎቴ።

"ለመሬቷ።"

ሳቢያን ካለው ቤታችን ምሳ ይዤለት የሄድኩ ቀን አንዲት ቦሎቄ ብቻ ነቀለልኝና ሥሯ ላይ የተደረደሩትን ጥቃቅን እብጠቶች አሳየኝ። አንዱን በጥፍሩ ሲፈነክተው ውስጡ ቀላ ያለ ነበር። "አየሽ፣ ደም አላት" አለኝ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት እዚያች መሬት ላይ ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሽላው ሰው የሚደብቅ ሆነ። የሳቁበት ሁሉ የቦሎቄ ዘር ሊጠይቁት መጡ። አጎቴ ግን ዘር አልጠየቀም። መጋላ ካለው ሱቁ ተነስቶ ቤታችን መጣና መሬቱን ጠየቀ።

"ልጄ ሊያርሳት ነው። አንተም ደክመሃል፣ ዕረፍ እንጂ ወንድሜ።"

መሬቷ የወንድሙ ናት፣ አባቴ በምን ይከራከራል? እኔ ግን አላስቻለኝም።

"መሬቷ ስትደክም የኛ፣ ስትበረታ ያንተ?"

"አንቺ ምላስሽን ሰብስቢ!" አለኝ አጎቴ።

ሰበሰብኩ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን በቤታችን አየሁት። አጎቴን እስከ ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

በተከታዩ ዓመት አጎቴ በባጃጅ ትልቅ እስር ይዞ መጣ። ቅጠሉ ሳይደርቅ ከነሥሩ የተነቀለ ቦሎቄ ነው።

"ለፍየላችሁ ነው። ወላሂ፣ እናንተን ረስቼ አላውቅም።"

አባቴ ከመሀሉ አንዱን መዞ አፈሩን አራገፈ። እብጠቱን በጥፍሩ ፈነከተው፤ ቀላ ያለ ነው። እንደዚያን ቀን ሊያሳየኝ ቀና አለና ተወው። ወንድሙን አመስግኖ እስሩን ራሱ ተሸክሞ ወደ ጓሮ ወሰደው።

ፍየሏ ቅጠሉን ብቻ መርጣ በላች። ሥሩን በማግስቱ ጠርጌ ቆሻሻ ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ።